ኮድና ፊደል፦ የጽሑፍ አርታዒዎች የቁምፊ ኮድን የመለየት ታሪክና የግዕዝ ፊደል

1. መነሻ

በአንድ ኮምፒውተር የተጻፈ የአማርኛ ቃላት ዝርዝር በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት፣ አማርኛነቱ ጠፍቶ ጭረት በተደረገባቸው የላቲን ፊደላትና ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች ተሞልቶ መገኘቱ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች እንግዳ ነገር አይደለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይባላል። ፍርዱ ግን ችኩል ነው። በዚህ አንድ አባባል ሥር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተጠቃለው ይገኛሉ፤ እነርሱም በተሳሳተ ሥርዐት የተነበበ ጽሑፍ፣ መልክ የሚሰጠው ያጣ ጽሑፍና በእርግጥ የጠፋ ጽሑፍ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይድናሉ፤ ሦስተኛው አይድንም። የሚድነውን እንደማይድን ቈጥሮ መጣል፣ ወይም በግዴለሽነት የሚድነውን ወደማይድን መለወጥ፣ በብዙ ድካም የተሰበሰበ የቃላት ሀብት ያስጠፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጽሑፍ አርታዒ የሚባሉት ፕሮግራሞች የአንድን ፋይል የኮድ ሥርዐት እንዴት ለይተው እንደሚያውቁ፣ ይህም ዘዴ በምን ታሪካዊ መንገድ እንደ ተገኘ፣ የግዕዝ ፊደልም በዚህ መንገድ ላይ ምን እንደ ደረሰበት ማስረዳት ነው። ልናስረግጥ የምንፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም በፋይል ውስጥ የተቀመጠው ቁጥር እንጂ ፊደል ስላልሆነ፣ በመስተዋቱ ላይ የሚታየው ፊደል ሁሉ የአንድ ንባብ ውጤት ነው። ንባብ ደግሞ፣ የብራና መጻሕፍትን የመረመረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሊሳሳትም ሊታረምም ይችላል።

2. ስለ ስያሜዎቹ

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት የምንሠራባቸውን ስያሜዎች መለየት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ፊደል» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። አንዷን ሆሄም፣ የሀሁ ገበታን በሙሉም፣ የአንድን ሕዝብ የጽሕፈት ሥርዐትም ይሰይማል፤ «ፊደል የቈጠረ» ስንል ደግሞ ትምህርትን ማለታችን ነው። ይህ ስፋት ለቋንቋው ሀብቱ ቢሆንም ለያዝነው ጉዳይ አያመችም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በሚከተሉት ቃላት እንጠቀማለን።

«ቁምፊ» የምንለው መልኩ ምንም ይሁን ምን አንዱን የጽሕፈት አሐድ ነው፤ «መ» በእጅ ቢጻፍ፣ በማተሚያ ቤት ቢታተም፣ ቢደምቅ ወይም ቢቀጥን ያው አንድ ቁምፊ ነው። ቁምፊው ለዐይን የሚታይበትን መልክ «ቅርጽ»፣ የቅርጾቹን ሙሉ ስብስብ «ቅርጸ ቁምፊ» እንላለን። «ባይት» ከ0 እስከ 255 ከሚደርሱት ቁጥሮች አንዱን የሚይዝ የማከማቻ ክፍል ነው። ቁምፊዎች በባይት ተተክተው የሚቀመጡበትን ስምምነት «የኮድ ሥርዐት» እንለዋለን። እዚህ ላይ ተርጓሚዎች እንዲጠነቀቁ የምናሳስበው ይህን ፅንሰ ሐሳብ «ምስጠራ» በሚለው ቃል ከመተርጐም ነው። ምስጠራ ሌላው እንዳያነብ መሰወር ነው፤ የኮድ ሥርዐት ግን ሁሉም እንዲያነብ መስማማት ነው።

በመጨረሻም በአንድ ሥርዐት ተጽፎ በሌላ ሥርዐት ስለሚነበብ ጽሑፍ የሚነገርበት ቃል ያሻናል። ጃፓኖች ይህን «ሞጂባኬ» ይሉታል፤ የፊደል መልክ መለወጥ እንደ ማለት ነው። እኛ «የተፋለሰ ንባብ» ብለነዋል። ስሕተቱ ከንባቡ እንጂ ከጽሑፉ አለመሆኑን ስያሜው ራሱ እንዲናገር ፈልገናል።

3. የጠባብ ገበታዎች ዘመን

አስኪ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የአሜሪካ የኮድ ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ1963 ሲወጣ የነበረው ቦታ 128 ብቻ ነበር። ይህ ለእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ለቁጥሮች፣ ለሥርዐተ ነጥቦችና ለማሽን ትእዛዞች በቂ ነበር፤ ለሌላ ግን አይተርፍም። አንድ ባይት 256 ቁጥሮች መያዝ ስለሚችል፣ ከ128 በላይ ያለው ግማሽ ለሌሎች ቋንቋዎች የሚታደል ባዶ መሬት ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የወጡት አይሶ 8859 የሚባሉት ተከታታይ መለኪያዎች ይህንን መሬት እየደጋገሙ ያደሉ ናቸው። 225 የሚለው ቁጥር በምዕራብ አውሮፓ ገበታ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን «አ» ነው፤ በግሪኩ ገበታ አልፋ፣ በሩሲያው ገበታ «ስ» የምትነበበው ፊደል፣ በዐረቡ ገበታ ፋእ፣ በዕብራይስጡ ገበታ ቤት ነው።

የኮድ መለየት ጥያቄ የተወለደው ከዚህ ነው። ፋይሉ «225» ይላል እንጂ «የግሪክ 225» ወይም «የዕብራይስጥ 225» አይልም። የቀላል ጽሑፍ ፋይል በየትኛው ገበታ እንደሚነበብ የሚናገርበት የራሱ ስፍራ የለውም። ጽሑፉ በተጻፈበት አገርና በተጻፈበት ማሽን ላይ እስካለ ድረስ ችግሩ አይታይም፤ ማሽኑ የአገሩን ገበታ ስለሚያውቅ ያንኑ ይጠቀማልና። ድንበር ሲሻገር ግን የተጓዘው ቁጥሩ ብቻ ይሆናል፤ ስምምነቱ ከኋላ ይቀራል።

4. የግዕዝ ፊደል በተውሶ ቦታ

ለግዕዝ ፊደል ከነዚህ ገበታዎች አንድም አልተሠራለትም። ቢሠራለትም አይበቃውም ነበር። በተለመደው አቈጣጠር 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዐተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ደግሞ ለትእዛዝ ከተያዙት ቦታዎች የሚተርፈውን የአንድ ባይት ገበታ ያልፋሉ። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሠሪዎች በቁልፍ ብዛት ረገድ ተመሳሳይ ጥበት ገጥሟቸው ፊደሉን በአካልና በቅጥያ ከፍለው ነበር። በኮምፒውተር የመጀመሪያ ዘመን በኢትዮጵያና በውጭ አገር የነበሩ ባለሙያዎችም ከዚያ የራቀ አማራጭ አልነበራቸውም።

ከመፍትሔዎቹ በጣም የተስፋፋው የቅርጸ ቁምፊው ዘዴ ነው። ለኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል ኮድ ይሰጠዋል፤ በቅርጸ ቁምፊው ውስጥ ግን በዚያ ኮድ ስፍራ የግዕዝ ፊደል ሥዕል ይቀመጣል። ማሽኑ የላቲን ፊደል እንደ ጻፈ ያምናል፤ አንባቢው ግዕዝ ያያል። ቦታ ሲያጥር አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያም ለሚበልጡ ቅርጸ ቁምፊዎች አከፋፈሉት፤ ሌሎቹ አካሉንና የአናባቢ ቅጥያውን ለይተው በሁለት ኮድ ገጣጠሙት። የከፋው ግን እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን አሰላለፍ መከተሉ ነበር። በአንደኛው «ለ» የሆነው ቁጥር በሌላው «ሞ» ሊሆን ይችላል።

ይህን ዘዴ ማቃለል አይገባም። ጋዜጦች፣ መጻሕፍት፣ የመማሪያ ጽሑፎችና መዝገበ ቃላት በዚህ ዘዴ ተዘጋጅተዋል፤ ለታተመ ወረቀት ፍጹም ይበቃል። ጕድለቱ ጽሑፉ በወረቀት ሳይሆን በፋይልነቱ ሲፈለግ ይገለጣል።

ከዚህ የተለየ መንገድ የተከተለው ሴራ የሚባለው ሥርዐት ነው። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ይህ ሥርዐት የግዕዝን ፊደል በአስኪ የላቲን ፊደላት ብቻ፣ ተመልሶ ወደ ግዕዝ ሊለወጥ በሚችል ቋሚ ሕግ የሚጽፍ ነበር። በጃፓን ተመራማሪዎች ለብዙ ቋንቋዎች የተዘጋጀው ሙሌ የተሰኘው የኢማክስ አርታዒ ዝርያ የግዕዝን ፊደል በተቀበለ ጊዜ ለማስገቢያ የተጠቀመው በሴራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ሙሌ ከዋናው ኢማክስ ጋር በ20ኛው እትም ሲዋሐድ ይኸው አብሮ ገባ። ሴራ ለዐይን የማይመች ቢሆንም በግልጽ የታወጀ ስምምነት ነበር።

5. ዩኒኮድና ዩቲኤፍ-8

ለሁሉም ፊደል አንድ ገበታ የማዘጋጀት ሐሳብ ሥራ ላይ የዋለው በዩኒኮድ ነው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1991 ወጣ፤ የግዕዝ ፊደል ግን እስከ 3.0 እትም፣ ማለትም እስከ 1999 ድረስ ቈየ። በዚያ እትም 345 ቁምፊዎች ተሰጡት። በኋላም በ2005፣ በ2010ና በ2021 በወጡት እትሞች ለሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉት ተጨምረው ዛሬ በአምስት ክፍሎች 523 ደርሰዋል። አሰላለፉም የፊደል ገበታችንን የተከተለ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ስምንት ቦታ ተመድቦ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱ በተርታ ይሄዳሉ፤ ስምንተኛው በብዙ ረድፎች ላይ ለዲቃላው ይውላል።

ዩኒኮድ ለቁምፊው ተራ ቁጥር ይሰጣል እንጂ ቁጥሩ በባይት እንዴት እንደሚቀመጥ ለብቻው የሚወሰን ነው። ከአቀማመጦቹ ሁሉ ያሸነፈው ዩቲኤፍ-8 ነው። ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 በኒው ጀርሲ በአንድ ምግብ ቤት ገበታ ላይ በተነጠፈ ወረቀት ንድፉን አወጡት። ሕጉ ቀላል ነው። ከ128 በታች ያለው ባይት እንደ ጥንቱ አስኪ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ቁምፊ ሁሉ ከአንድ መሪ ባይትና ከተከታዮች ይሠራል፤ መሪው ስንት ተከታይ እንዳለው በራሱ ይናገራል፤ ተከታዮቹ ሁልጊዜ ከ128 እስከ 191 ባለው ክልል ውስጥ ይውላሉ።

በዚህ ሕግ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። መሪው ሁልጊዜ 225 ነው፤ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ይደርሳል። «አማርኛ» የሚለው ቃል በፋይል ውስጥ 12 ባይት ነው፤ አ 225፣ 138፣ 160፤ ማ 225፣ 136፣ 155፤ ር 225፣ 136፣ 173፤ ኛ 225፣ 138፣ 155።

6. አርታዒው እንዴት ይለያል?

አርታዒ ፋይል ሲከፍት ከሚከተሉት ምስክሮች አንዱን ወይም ብዙዎቹን ይጠይቃል።

የመጀመሪያው በፋይሉ ራስ ላይ የሚገኝ የባይት ተርታ ምልክት ነው። ፋይሉ በ239፣ 187፣ 191 ከጀመረ ዩቲኤፍ-8፣ በ255ና 254 ወይም በተገላቢጦሹ ከጀመረ ዩቲኤፍ-16 መሆኑ ይታወቃል። ሁለተኛው በጽሑፉ ውስጥ የተጻፈ ማስታወቂያ ነው። ኢማክስ በፋይሉ መጀመሪያ መስመር ላይ የኮድ ሥርዐቱ ስም ተጽፎ እንደ ሆነ ያያል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ኤክስኤምኤልም የኮድ ሥርዐቱ በሰነዱ ራስ ላይ የሚገለጽበትን ስፍራ ደንግጓል።

ሦስተኛው የሕግ ፈተና ነው። የዩቲኤፍ-8 የመሪና የተከታይ ሕግ ጥብቅ ስለ ሆነ፣ በሌላ ገበታ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ በአጋጣሚ ሕጉን አሟልቶ መገኘቱ እጅግ የማይመስል ነገር ነው። ስለዚህ አርታዒው ከዳር እስከ ዳር አንብቦ አንድም ስሕተት ካላገኘ ዩቲኤፍ-8 ነው ብሎ ቢወስን አይፈረድበትም።

አራተኛው ሥነ አኀዝ ነው። ሻንጂያን ሊና ካትሱሂኮ ሞሞይ እ.ኤ.አ. በ2001 ለኔትስኬፕ የድረ ገጽ ማንበቢያ የተሠራውን መለያ ሲገልጹ ሦስት ዘዴዎችን አጣምረዋል፤ እነርሱም የኮድ ሕግ ፈተና፣ የቁምፊዎች የተዘውታሪነት ስርጭትና የሁለት ቁምፊዎች ቅደም ተከተል ናቸው። በሌላ አነጋገር ማሽኑ «ይህ ጽሑፍ ሩሲያኛ ቢሆን ፊደላቱ በዚህ ልክ ይደጋገሙ ነበርን?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ የቋንቋ ዕውቀት ነው፤ መሠረቱም ከቋንቋ ባለሙያ ሠንጠረዥ የተለየ አይደለም።

ከእነዚህ አንዱም ካልረዳ አርታዒው ማሽኑ የተዘጋጀበትን አገር ገበታ ይወስዳል።

ሥነ አኀዝ አጭር ጽሑፍ ሲገጥመው እንደሚሳሳት የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ አለ። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን በኖትፓድ አርታዒ አራት፣ ሦስት፣ ሦስትና አምስት ፊደል ባሏቸው አራት የእንግሊዝኛ ቃላት የተሠራ አንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፎ ተቀምጦ እንደገና ሲከፈት በቻይና ፊደላት ተለውጦ ይታይ ነበር። ክፍተቶቹ ተጨምረው ጽሑፉ 18 ባይት ነው፤ መለያው ጥንድ ጥንዱን እንደ አንድ ቁምፊ ቈጥሮ ዩቲኤፍ-16 መስሎት 9 ቁምፊዎች አነበበ። ዐረፍተ ነገሩ የፖለቲካ ሐሜት ያዘለ ስለ ነበር ብዙ ሰዎች ምሥጢር ፈልገውበታል፤ ምሥጢር ግን አልነበረውም። ግምት ነበር፤ ግምቱም ሳተ። በቪስታ እትም ታርሟል።

የዚሁ አርታዒ ሌላው ታሪክ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ለረጅም ዘመን ኖትፓድ ያለ ተጨማሪ ምርጫ ፋይል የሚያስቀምጠው በአገሩ የአንድ ባይት ገበታ ነበር። የአማርኛ ጽሑፍ በዚያ ገበታ ሲቀመጥ አርታዒው ፊደላቱ እንደሚጠፉ ያስጠነቅቃል፤ ጸሐፊው ማስጠንቀቂያውን ሳያስተውል «እሺ» ካለ ፊደላቱ በጥያቄ ምልክት ይተካሉ። ዩቲኤፍ-8 መደበኛው አቀማመጥ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ነው።

7. የተፋለሰ ንባብ ለአማርኛ ምን ያህል ይጐዳል?

የተፋለሰ ንባብ በራሱ ጽሑፍ አያጠፋም ብለናል። ባይቶቹ እንዳሉ ናቸውና አርታዒውን በትክክለኛው ሥርዐት እንደገና እንዲያነብ ማዘዝ ይበቃል። ጕዳቱ የሚመጣው የተፋለሰው ሲታረም፣ ሲገለበጥና እንደገና ሲቀመጥ ነው። እዚህ ላይ የአማርኛ ዕጣ ከሌሎች ቋንቋዎች የተለየ ገጽታ ስላለው በዝርዝር እንመልከተው።

ዩቲኤፍ-8 የሆነ የአማርኛ ጽሑፍ በዊንዶውስ የምዕራብ አውሮፓ ገበታ፣ ቁጥሩ 1252 በሆነው ሲነበብ፣ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ሦስት ምልክቶች ይበተናል፤ 225ም በየሦስቱ መነሻ ጭረት ያለበት የላቲን «አ» ሆኖ ይደጋገማል። ይህ ድግግሞሽ ለመርማሪው ጥሩ ማስረጃ ነው። ነገር ግን በዚያው ገበታ 129፣ 141፣ 143፣ 144ና 157 ያልተያዙ ቦታዎች ናቸው። አንዳንድ ፕሮግራሞች እነዚህን በዝምታ ያሳልፏቸዋል፤ ሌሎች በጥያቄ ምልክት ይተኳቸዋል ወይም ይጥሏቸዋል። ከዚህም በላይ 160 ከተራ ክፍተት በዐይን የማይለይ ክፍተት፣ 173 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የማይታይ ሰረዝ ነው። ጽሑፍ የሚያጸዱ ፕሮግራሞች ሁለቱን እንደ ትርፍ ይቈጥሯቸዋል።

እነዚህ ባይቶች የትኞቹን ፊደላት ይነካሉ? «ነ» በ144፣ «ው» በ141 ስለሚያልቁ «ነው» የሚለው ቃል ሁለቱም ፊደሎቹ ባልተያዘ ቦታ ላይ ያርፋሉ። «በ» እና «አ» በ160 ያልቃሉ፤ «ይ» በ173። መስተዋድዱ በ-፣ የአሉታው አል-፣ የሦስተኛው መደብ ይ- ሁሉ በዚህ ይወድቃሉ። የሳድስ ፊደላት በሦስተኛው ባይታቸው ከስምንት ቁጥሮች በአንዱ የሚያልቁ ሲሆን ከስምንቱ ሦስቱ፣ ማለትም 141፣ 157ና 173፣ ከአስጊዎቹ ናቸው፤ ል፣ ው፣ ግ፣ ፍ በመጀመሪያው፣ ም፣ ኝ፣ ዝ በሁለተኛው፣ ር፣ ክ፣ ይ፣ ጭ በሦስተኛው። የፀ፣ የፈና የፐ ረድፎች፣ አራት ነጥብን ጨምሮ ሥርዐተ ነጥቦቹና የግዕዝ ቁጥሮች ደግሞ ሁለተኛ ባይታቸው 141 ስለ ሆነ በሙሉ ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው።

ስለዚህ የተፋለሰ የአማርኛ ጽሑፍ በእጅ ከተነካካ በኋላ ሲመለስ የጐደሉት ፊደላት እንዲያው እዚህም እዚያም የተበተኑ አይሆኑም። ጕድለቱ በሰዋስው ቅጥያዎች፣ በሳድሶችና በዐረፍተ ነገር መዝጊያ ላይ ያይላል። ይህንን የሚያውቅ መርማሪ የጐደለውን በአገባብ ሊሞላ ይችላል፤ የማያውቅ ግን የጸሐፊው ግድፈት ይመስለዋል። ለመዝገበ ቃላት ማስረጃ የሚሆኑ ጥቅሶችን ከፋይል የሚለቅም ሰው ይህን ልዩነት ሊስት አይገባውም።

8. ቁጥሩ መልክ ሲያገኝ

አርታዒው ኮዱን በትክክል ቢለይም ሥራው አላለቀም፤ ለእያንዳንዱ ቁምፊ ቅርጽ የሚሰጥ ቅርጸ ቁምፊ መፈለግ አለበት። ጸሐፊው በመረጠው ቅርጸ ቁምፊ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ከሌለ፣ ዘመናዊ አርታዒ በማሽኑ ካሉት ሌሎች ይዋሳል። ምንም ካላገኘ ባዶ ሳጥን ያሳያል። ባዶ ሳጥን የተፋለሰ ንባብ አይደለም፤ እንዲያውም ኮዱ በትክክል መነበቡን የሚመሰክር ምልክት ነው። የጠፋው ልብሱ እንጂ ገላው አይደለም። ኒያላ የተባለው ቅርጸ ቁምፊ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ ከወጣ በኋላ የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች የግዕዝን ፊደል ለማየት ለብቻው ቅርጸ ቁምፊ መጫን አላስፈለጋቸውም።

የግዕዝ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ የሚጻፍ፣ ፊደላቱም እንደ ዐረብኛ እርስ በርስ ሲገናኙ መልካቸውን የማይለውጡ ስለ ሆነ ለማሳየት ቀላል ነው። ለመዝገበ ቃላት ሰዎች ግን አንድ ፈታኝ ነገር አለ፤ እርሱም የመጥበቅ ምልክት ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ኖረ ወይም ተገኘ ማለት መሆኑን ፊደሉ አይለይም። በፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጠው የመጥበቂያ ምልክት በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ የመርዘሚያውና መጥበቅንና መርዘምን አንድ ላይ የሚያመለክተው በ2010 ተከተሉ። ምልክቱ ከፊደሉ በኋላ ለብቻው ኮድ ሆኖ ይከተላል፤ ቅርጸ ቁምፊው በፊደሉ ራስ ላይ ማስቀመጥን ካላወቀበት ወደ ጐን ይንሸራተታል ወይም ሳጥን ይሆናል። ይህም የቅርጽ ጕድለት ነው እንጂ የጽሑፍ ስሕተት አይደለም፤ «ለማስተካከል» ተብሎ ምልክቱ ሊሰረዝ አይገባም።

9. የቀረው ሥራ

ከላይ የቈጠርናቸው ምስክሮች ሁሉ የማይረዱት አንድ የጽሑፍ ዐይነት አለ፤ እርሱም በተውሶ ቦታ ዘመን የተጻፈው ነው። አርታዒ እንዲህ ያለውን ቀላል የጽሑፍ ፋይል ሲከፍት የዩቲኤፍ-8ን ሕግ እንደማያሟላ ያያል፤ በአንድ ባይት ገበታ ያነበዋል፤ የላቲን ፊደላት ያሳያል። በዚህ ሁሉ አርታዒው አልተሳሳተም። ፋይሉ በኮዱ በእርግጥ ላቲን ነው፤ አማርኛ የነበረው ሥዕሉ ብቻ ነው። የሥዕሉ ምስክር ደግሞ የቅርጸ ቁምፊው ስም ነበር። ስሙ በቃል ማቀነባበሪያ ሰነድ ውስጥ ከጽሑፉ ጋር ተመዝግቦ ይኖራል፤ ሰነዱ ወደ ቀላል ጽሑፍ ሲለወጥ ግን ስሙ ይጠፋል። ሁለትና ሦስት ቅርጸ ቁምፊዎች እየተፈራረቁ በተጻፈበት ሰነድ ውስጥ ስሙ ሲጠፋ አንዱ ቁጥር ለሁለት ለሦስት ፊደል ይሆናል፤ ያኔ የሚፈርደው አገባብ ብቻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያሉ ፋይሎች ያሏቸው ክፍሎች የሚከተለውን እንዲያደርጉ እንመክራለን። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ሰነድ ሳይነኩ ይጠብቁ፤ ሥራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሁን። ሁለተኛ፣ ወደ ቀላል ጽሑፍ ከመለወጣቸው በፊት የቅርጸ ቁምፊዎቹን ስም መዝግበው ከሰነዱ ጋር ያኑሩ፤ ቅርጸ ቁምፊዎቹንም እንደ ሰነዱ አካል ቈጥረው ያስቀምጡ። ሦስተኛ፣ ወደ ዩኒኮድ የተለወጠውን በማሽን ፍርድ ብቻ አይቀበሉት፤ እንደ «ነው»፣ «እና»፣ «ላይ» ያሉ ተዘውታሪ ቃላት በሚጠበቀው መጠን መገኘታቸውን፣ ዲቃላዎቹና የግዕዝ ቁጥሮቹ በቦታቸው መሆናቸውን ይመርምሩ። አራተኛ፣ የተለወጠው በዩቲኤፍ-8 መቀመጡን በሰነዱ ራስ ላይ በግልጽ ያስታውቁ።

በመስተዋት ላይ ለሚታዩት ምልክቶችም አንድ ወጥ አጠራር ቢኖረን ይጠቅማል። ጭረት ያለባቸው የላቲን ፊደላት በየሦስቱ ሲደጋገሙ ከታዩ የተፋለሰ ንባብ ነው፤ ንባቡ ይለወጥ። ባዶ ሳጥን ከታየ ቅርጽ ጐድሏል፤ ቅርጸ ቁምፊ ይፈለግ። ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ከታየ አርታዒው ሕጉን የጣሰ ባይት አግኝቷል፤ ሳያስቀምጡ መዝጋት ይገባል፣ ከተቀመጠ ምልክቱ ራሱ በዋናው ባይት ቦታ ይገባልና። ተራ የጥያቄ ምልክቶች በተርታ ከተደረደሩ ግን የነበረው ጠፍቷል፤ ሌላ ግልባጭ ከመፈለግ በቀር መድኀኒት የለውም።

የኮድ መለያ ፕሮግራሞች ለሩሲያኛ፣ ለጃፓንኛና ለቻይንኛ ያገኙት ብቃት የመጣው የእነዚያ ቋንቋዎች የፊደል ተዘውታሪነትና ቅደም ተከተል ተቈጥሮ ስለ ተሰጣቸው ነው። በተውሶ ቦታ ለተጻፈው አማርኛም ተመሳሳይ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት የመሐንዲስ ብቻ ሥራ አይደለም። የትኛው ፊደል ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ፣ ሳድስ የት እንደሚበዛ፣ የቃል መጨረሻ በምን እንደሚዘጋ የሚያውቀው የቋንቋው ተመራማሪ ነው። ቅርጸ ቁምፊዎቹ የተጫኑባቸው አሮጌ ማሽኖች እየተወገዱ፣ አሰላለፋቸውንም የሚያስታውሱት ሰዎች እየተመናመኑ በሄዱ መጠን ሥራው ይከብዳል፤ ስለዚህ ሠንጠረዡ አሁን ይዘጋጅ እንላለን።